ቄሱ ባይኖርስ? ስለ ኃይሌ ገሪማ «ሳንኮፋ»

«ሳንኮፋ»ን ገራዶ፣ አንድ ጓደኛችን ቤት፣ ስምንት ሆነን በላፕቶፕ አየነው። አባ ራፋኤል የሚባለው ቄስ ጆ የተባለውን ባሪያ አስተምሮ አስተምሮ በገዛ እናቱ በኑኑ እንዲያፍር ሲያደርገው፣ ሁለት ልጆች ተነሥተው ወጡ። «ይህ ክርስትናን ለመስደብ የተሠራ ነው» አሉ። እናንተም ብታዩት እንዲሁ ትሉ ይሆናል። እኔ ግን እስከ መጨረሻው ቆየሁ።

ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1946 ጎንደር ተወለዱ። አባታቸው ቴአትር እየደረሱ በየአገሩ ዞረው የሚያሳዩ ሰው ነበሩ፤ ይህን ያዙልኝ። ልጃቸው በ1967 አሜሪካ ሄደው ትወናም ፊልምም ተማሩ፤ ከ1975 ጀምሮ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ። በ1993 የወጣውን «ሳንኮፋ»ን የጻፉት፣ ዳይሬክት ያደረጉትና ኤዲት ያደረጉት እርሳቸው ናቸው፤ ፕሮዲውስ ያደረጉትም ከባለቤታቸው ከሺሪኪያና አይና ጋር ነው። ፊልሙ በርሊን ላይ ለውድድር ቢቀርብም የአሜሪካ አከፋፋዮች አልፈለጉትም። ታዲያ ባልና ሚስት ሲኒማ ቤት እየተከራዩ ከከተማ ከተማ ዞረው አሳዩት። ልክ እንደ አባትየው!

የኤዲቲንጉን ጉልበት ለማየት አንድ ቦታ ይበቃል። ሞና ፎቶ ለመነሣት ጋና ውስጥ ወዳለው የባሪያ ንግድ ምሽግ ትመጣለች። ጎብኚዎችን ተከትላ ምድር ቤት ስትገባ፣ በሰንሰለት የታሰሩ ሰዎች ዝም ብለው ያዩዋታል። ማብራሪያ የለም። ከዚያ በኋላ የሸንኮራ እርሻ ባሪያ ናት።

ግን ሁሉን ብቻውን የሚሠራ ሰው «ይህ አልበዛም ወይ?» የሚለው ያጣል። ባሮቹን እንዲገርፍ የተሾመው ባሪያ ኖብል አሊ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ኅሊናው ይወቅሰዋል፤ ቄሱ ግን አንዲት ጥርጣሬ እንኳ አልተሰጠችውም። የተቀየምኩት ቄስ ስለ ክፉ መሆኑ አይደለም። በኬፕ ኮስት ምሽግ ወንዶች ከታጎሩበት ምድር ቤት በላይ ጸሎት ቤት ነበረ፤ ይህን ኃይሌ አልፈጠሩትም። ቄሱ አንድ ሌሊት እንቅልፍ አጥቶ ቢያድር ኖሮ ግን እኛን ምእመናንን ይበልጥ ያስደነግጠን ነበር። አሁን «እርሱ እኛን አይመስልም» ብለን በቀላሉ እናመልጣለን።

በ2008 በቬኒስ የዳኞችን ልዩ ሽልማት ባገኘው በ«ጤዛ» ኤዲቲንጉንም ፕሮዲውሲንጉንም ከሌሎች ጋር ተካፍለዋል። ከጀርመን ተምሮ የተመለሰው አንበርብር ከራሱ ጋር የሚሟገት ሰው ነው። ሥራውን መካፈላቸው ረድቷቸው ይሆን? እኔ እንደዚያ ይመስለኛል።

የወጡትን ሁለቱን ልጆች በሌላ ቀን ጠራኋቸው። አንዱ መጣ። ኑኑ እስክትሞት ቃል ሳይተነፍስ አየና፣ «ጸሎት ቤቱ ግን በእውነት ነበረ?» ብሎ ጠየቀኝ።