ከክሊሩ ሥር

አዲስ አበባ፣ ካዛንቺስ ውስጥ ፀሐይ በሚያርፍበት መስኮት ዓመታት የቆመ የአውሮፕላን ሞዴል ነጭነቱ ወደ ቢጫ ያደላል። የጅራቱ ቀለም ይደበዝዛል፤ ስሙ በተጻፈበት ቦታ ዙሪያ ደግሞ የዲካሉ (በውሃ የሚለጠፈው ምልክት) ጠርዝ ቀስ በቀስ ይነሳል። አላፊ አግዳሚው «አረጀ» ብሎ ያልፋል። ሞዴል ሠሪው ግን ያረጀው የትኛው ሽፋን እንደሆነ ለይቶ ማወቅ አለበት፦ ቀለሙ ነው፣ ከላይ የተነፋው ክሊር (ግልጽ ሽፋን) ነው፣ ወይስ ፕላስቲኩ ራሱ? ይህ ሳይለይ እጅ ከተነሳ የሚጠገነው ጤነኛው ሽፋን ይሆንና የታመመው ከሥር ይቀራል።

ዲካል ሦስት ነገር የተደራረበበት ነው፦ ወረቀት፣ ከስታርች የሚሠራ በውሃ የሚሟሟ ማጣበቂያ፣ በላዩም ቀለሙን የተሸከመ እጅግ ስስ ፊልም። ውሃ ሲነካው ማጣበቂያው ይላላል፤ ፊልሙም ተንሸራትቶ ወደ ሞዴሉ ይሻገራል።

በብዛት የሚያጋጥመው ችግር ከፊልሙ ሥር ብርማ ጥላ መታየቱ ነው። ጀማሪ ዲካሉን ይወቅሳል፤ ጥፋተኛው ግን አየር ነው። የማያብረቀርቅ ቀለም ለዓይን ለስላሳ ቢመስልም ገጹ ሸካራ ስለሆነ፣ ፊልሙ ጠጠር ላይ እንደተዘረጋ ነጠላ ጫፍ ጫፉን ብቻ ነክቶ ይቀመጣል። በመሃል የቀረው አየር ብርሃን ይመልሳል። ስለዚህ መፍትሔው ከዲካሉ በፊት ይመጣል፤ ቀለሙ ላይ አብረቅራቂ ክሊር ተነፍቶ በደንብ እስኪደርቅ መጠበቅ ነው።

በ1፡144 መጠን የተሠራ ቦይንግ 787-8ን እንውሰድ። እውነተኛው 56.7 ሜትር ሲረዝም ሞዴሉ 39 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። «የኢትዮጵያ» የሚለው ጽሑፍ በአካሉ ላይ ሲለጠፍ ጥላው ቀድሞ የሚታየው ፊደሎቹ ላይ ሳይሆን በመካከላቸው ባለው ባዶ ፊልም ላይ ነው። ጥንቃቄ የሚያውቅ እጅ መጀመሪያ ቦታውን በውሃ ጠብታ ያርሳል። ዲካሉን በወረንጦ ጎትቶ ሳይሆን በለስላሳ ብሩሽ ገፋ አድርጎ ያስቀምጠዋል፤ ከዚያ ውሃውን በጆሮ ጥጥ ከመሃል ወደ ጠርዝ እያንከባለለ ያወጣል። ቀጥሎ ማለስለሻው ይመጣል። ማይክሮ ሴት የሚባለው ፈሳሽ አሴቲክ አሲድ ስላለበት አቼቶ አቼቶ ይሸታል፤ በውሃ የቀጠነ ነጭ አቼቶ ተክተው የሚሠሩም አሉ። ጠንከር ያለው ማይክሮ ሶል ደግሞ ፊልሙን ያለሰልሰውና ለጥቂት ደቂቃ ያጨማድደዋል። ብዙ ዲካል የሚጠፋው በዚህች ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ሠሪው ደንግጦ በጣቱ ሊያስተካክል ሲል ይቀደዳል። ካልተነካ ሲደርቅ ራሱ ይተኛል። ከዚህ ሁሉ በኋላ አየር ከቀረ በቀጭን መርፌ ነጥብ ነጥብ አድርጎ ወግቶ ፈሳሹን መድገም ነው።

ያረጀ ዲካል ውሃ ውስጥ ሲገባ ሊሰባበር ይችላል። ስለዚህ ከማያስፈልጉት ምልክቶች አንዱ አስቀድሞ ይነከራል፤ ከተሰነጠቀ ሙሉው ገጽ ስስ ክሊር ይነፋበትና እያንዳንዱ ምልክት ተቆርጦ ይወጣል። ቢጫ የሆነውን ፊልም መስኮት ላይ ለጥፎ ለፀሐይ መስጠት ብዙ ጊዜ ያነጣዋል።

ለራሱ የሚያትም ሰው ሌላ ፈተና ይጠብቀዋል። ተራ ማተሚያ ነጭ ቀለም የለውም፤ ነጭ የሚባለው የወረቀቱ ነጭነት ነው። ግልጽ ዲካል ላይ የታተመ ቢጫ አረንጓዴ ላይ ቢለጠፍ ይዋጣል። ስለዚህ የአረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ጅራት ሲሠራ መደቡ ነጭ መሆን አለበት፤ ወይም ቢጫው በኤርብራሽ ይነፋል። በኢንክጄት የታተመ ከሆነ ደግሞ ክሊር ሳይነፋበት ውሃ ከነካው ቀለሙ ይፈሳል።

ከዲካሉ በላይ የሚነፋው ክሊር የራሱ መዘዝ አለው። ላከር የሚባለው የክሊር ዓይነት በአንድ ጊዜ አርጥቦ ከተነፋ ቲነሩ ፊልሙን ያኮማትረዋል፤ ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ዙሮች ደረቅ ያሉ ስስ ብናኞች መሆን አለባቸው። ከክሊሩ ሥር ቡናማ እድፍ ከታየ ሳይታጠብ የቀረ ማጣበቂያ ነው። ክሊሩ ክብ ክብ እየሠራ ከሸሸ የጣት ቅባት ወይም ከኮምፕሬሰር የወጣ ዘይት አለ ማለት ነው። በሦስቱም ላይ ተጨማሪ ክሊር መንፋት ችግሩን ቆልፎ ማስቀመጥ ነው።

እውነተኞቹ ትልልቅ አውሮፕላኖችም ከሽፋን ሥር ከሚደበቅ ችግር አላመለጡም። እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ኳታር ኤርዌይስ አንድ ኤርባስ ኤ350 ለእድሳት ወደ ሻነን፣ አየርላንድ ልኮ አሮጌው ቀለም ሲላጥ ከሥሩ የገጽ መበላሸት ተገኘ። በአንዳንድ ቦታዎች ከመብረቅ የሚከላከለው የመዳብ መረብ ላይ ጉዳት ነበር። ካርቦን ፋይበሩ፣ መዳቡና ቀለሙ በሙቀትና በቅዝቃዜ የሚለጠጡትና የሚሰበሰቡት በተለያየ መጠን ነው። አየር መንገዱ ከ20 በላይ አውሮፕላኖች አቆመ፤ ኤርባስ የበረራ ደኅንነት ስጋት የለም ብሎ ተከራከረ፤ ጉዳዩ ለንደን ፍርድ ቤት ደርሶ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2023 በስምምነት ተዘጋ። በ787 ክንፎች ላይም አልትራቫዮሌት ጨረር ቀለሙን አልፎ ፕራይመሩን እያላላ ልጣጭ አስከትሏል። መንገደኛ በመስኮት ክንፉ ላይ የሚያያቸው ብርማ ቴፖች አንዳንድ ጊዜ የዚህ ጊዜያዊ ጥገና ናቸው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ 787ንም ኤ350ንም ከአፍሪካ ቀድሞ የተረከበ ስለሆነ፣ ይህን የካርቦን ዘመን አውሮፕላን በትንሹ የሚሠራ አዲስ አበቤ ታሪኩን ማወቁ ይጠቅመዋል።

ከውጭ የሚመጣ የአጠቃቀም መመሪያ የማይናገረው ነገር የአዲስ አበባ አየር ነው። ከተማዋ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለተቀመጠች የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ቲነር ቶሎ ይተናል። በበጋ ከኤርብራሹ የወጣው ክሊር ሞዴሉ ላይ ሳይደርስ ግማሽ መንገድ ይደርቅና ገጹን ያሻክራል። ቀረብ ብሎ መንፋትና ዘግይቶ የሚደርቅ ቲነር መጨመር ይረዳል። በሐምሌና ነሐሴ ግን ጉዳዩ ይገለበጣል፤ ቲነሩ ሲተን ገጹን ያቀዘቅዘዋል፣ የአየሩ እርጥበት ላዩ ላይ ይጤዛል፣ ላከሩም ነጭ ጉም ይለብሳል። ያኔ ጥሩው ነገር ዝናቡ ሳይጀምር ጠዋት መሥራት፣ የኮምፕሬሰሩን ውሃ ማፍሰስና ክፍሉን ማሞቅ ነው። ጉሙ ከወጣ በኋላም ቀስ ብሎ የሚደርቅ ቲነር ስስ አድርጎ መንፋት ብዙ ጊዜ ይመልሰዋል። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ በኮሪደር ልማት ካዛንቺስ መፍረስ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ አቧራው ሌላ ጠላት ሆኗል፤ የተነፋ ሞዴል ወዲያው ክዳን ያለው ሳጥን ውስጥ መግባት አለበት።

በቂርቆስ ጋራዦች የሚነፋው ባለ ማጠንከሪያ የመኪና ክሊር ሞዴል ላይም ያምራል፤ ጠንካራ ነው፣ በቀላሉም ቢጫ አይሆንም። ነገር ግን ማጠንከሪያው አይሶሳያኔት አለበት፤ ወደ ሳንባ ሲገባ አስም ሊያስከትል ይችላል። ተራ የጨርቅ ማስክ አይበቃውም፤ ሰው በሚተኛበት ክፍል ውስጥ ደግሞ ጨርሶ መነፋት የለበትም። ለዕቃው ውበት ሲባል የቤተሰብ ጤና መጎዳት የለበትም። ውፍረቱም ይታሰብበት፤ በ1፡144 ሞዴል ላይ የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ክሊር በእውነተኛው አውሮፕላን ሲሰላ 14 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ የበር መስመሮቹን ይደፍናል።

«ፀሐይ» ለተባለችው አውሮፕላን ግን ይህ ሁሉ መብረቅረቅ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1935 በጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ቬበር መሪነት ኢትዮጵያ ውስጥ ተሠርታ፣ ጣሊያን ወስዷት በጥር 2016 ዓ.ም. የተመለሰችው አውሮፕላን የጄት ዘመን መስታወት መሳይ ገጽ አይስማማትም። እሷን በትንሹ የሚሠራ ሰው አብረቅራቂ ክሊር ነፍቶ ዲካሉን ይለጥፋል፣ እንደገና በአብረቅራቂ ያሽገዋል፣ በመጨረሻ ማት (የማያብረቀርቅ) ክሊር ያለብሰዋል። ማቱን የሚያደበዝዘው ዱቄት ጠርሙሱ ሥር ስለሚዘቅጥ በደንብ ካልተመታ ሞዴሉ ውርጭ የመታው ይመስላል። ያኔ ብርጭቆ ወረቀት ማንሳት አያስፈልግም፤ ስስ አብረቅራቂ ክሊር ሲነፋበት ቀለሙ ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይወጣል፤ ማቱም በደንብ ተመቶ በደረቅ ቀን ይደገማል።