«አሸነፍን» እና «አጠፉብን»፤ በኮልፌ ቀራኒዮ የኳስ ወግ ላይ የቀረበ ሒስ

ስለ ሥነ ቃል የሚጽፉ ሰዎች ተረቱን፣ ቀረርቶውን፣ የሠርጉንና የለቅሶውን ግጥም ሲሰበስቡ ኖረዋል። የከተማ ሰው በየቀኑ የሚያወጋው ወግ ግን ከዚህ ማዕርግ አልደረሰም። በተለይም ኳስ ተመልካች ከጨዋታው በፊትና በኋላ የሚለዋወጠው ንግግር በብዙ የተማሩ ሰዎች ዘንድ የሥራ ፈት ጫጫታ ተብሎ ይናቃል። እኛ በዚህ አነስተኛ ጽሑፍ ይህን ወግ እንደ ማንኛውም የቃል ድርሰት ቆጥረን በጎ ጎኑንና ጉድለቱን ለመመርመር እንሞክራለን። የታዘብነው በአዲስ አበባ ምዕራብ፣ በኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ፣ ከ18 ማዞሪያና ከአጠና ተራ እስከ ዓለም ባንክ ባሉት ሰፈሮች ውስጥ በሚገኙ ኳስ ማሳያ ቤቶች ነው። የሰዎቹንም ሆነ የቤቶቹን ስም አንጠቅስም፤ ወጉ የአንድ ሰው ሳይሆን የሁሉም ነውና።

እነዚህ ቤቶች በሕዝቡ አጠራር «ዲኤስቲቪ ቤት» ይባላሉ። ከደጃፉ በቆመ ሰሌዳ ላይ የቡድኖቹ ስምና ሰዓቱ በጠመኔ ይጻፋል፤ ተመልካቹም ጥቂት ብር ከፍሎ ይገባና በአግዳሚ ላይ ተጠጋግቶ ይቀመጣል። የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ነው። በ2013 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ጨዋታዎች በዚሁ ጣቢያ መተላለፍ በጀመሩ ጊዜ የቅዱስ ጊዮርጊስና የኢትዮጵያ ቡና ክርክርም ከስታዲየሙ ሌላ በአግዳሚው ላይ ሥፍራ አገኘ። ተመልካቹ የታክሲ ረዳት፣ ግንበኛ፣ ተማሪ፣ ባለሱቅና ጡረተኛ ነው። ጨዋታው 90 ደቂቃ ቢሆንም ወጉ ከዚያ አስቀድሞ ይጀምራል፤ ካለቀም በኋላ ከኳስ ወደ ጤፍ ዋጋ፣ ከጤፍ ዋጋ ወደ ቤት ኪራይ፣ ከኪራይም ወደ አገር ጉዳይ ይሻገራል።

በመጀመሪያ ምስጋናውን እናስቀድም። ይህ ወግ ሥርዓት የሌለው ጫጫታ አይደለም። በቀድሞው ዘመን ባለጉዳዮች በዳኛ ፊት ቆመው «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ ይሟገቱ እንደ ነበር፣ ቃሉን የሚያጸናም ሰው ማር ወይም በቅሎ ይወራረድ እንደ ነበር የታወቀ ነው። የኮልፌ አግዳሚም ይህን ሙግት በአዲስ መልክ ይዞት ይገኛል። አንዱ «ፍጹም ቅጣት ምት አይደለም» ቢል ሌላው ይጠይቀዋል፤ በዕድሜ ወይም በአንደበት የተከበረ ሰው ዳኛ ይሆናል፤ ምስክር ይጠራል፤ ምስክሩም የተደገመው ምስል ነው። ቃሉ የተረታ ሰው ለስላሳ ወይም ሻይ ይከፍላል። ተከራካሪው «ጨዋታው መጥፎ ነበር» ብሎ አያበቃም። ግቡን ማን አስቆጠረ፣ በስንተኛው ደቂቃ፣ ማን አቀበለው፣ የትኛው ተከላካይ ቦታውን ለቅቆ ነበር፣ አሠልጣኙስ ስለ ምን ያንን ሰው አሰለፈ የሚለውን ሁሉ ይዘረዝራል። ይህን ያህል ማስረጃ የሚጠየቅበት ጉባኤ በከተማችን ብዙ አለ ለማለት አንደፍርም። በትምህርት ክፍሎቻችንም ውስጥ ቢሆን አንዳንድ ጊዜ ከዚህ ባነሰ ማስረጃ እናልፋለን።

ይህን ካልን በኋላ ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። ትኩረታችንን የሳበው የወጉ የግሥ አጠቃቀም ነው። ስለ ሎንዶን ወይም ስለ ማንችስተር ቡድን ሲነገር ግሡ «አሸነፍን»፣ «ገባብን»፣ «አጥቂ ያስፈልገናል» ነው። ያው ተናጋሪ በዚያው ምሽት ስለ ሰፈሩ ሲያወጋ ግን ግሡ ይለወጣል፤ «መብራት አጠፉብን»፣ «ውሃ ዘጉብን»፣ «መንገዱን ቆፍረው ተዉት»፣ «ኪራይ ጨመሩ» ይላል። ባሕር ማዶ ላለው ቡድን «እኛ» የተባለው ሰው፣ በሩ ፊት ለፊት ላለው ጉድጓድ «እነሱ» ይላል ማለት ነው። እነሱ እነማን እንደሆኑ ግን አይነገርም፤ ጠያቂም የለም።

እዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞ ሊቀርብብን ይችላል። የመጀመሪያው ደጋፊ ስለ ቡድኑ «እኛ» ማለቱ የዓለም ሁሉ ልማድ ነው የሚል ነው። ይህ እውነት ነው፤ እኛም በዚህ አንነቅፈውም። ሁለተኛው የሰዋስው ተቃውሞ ነው፤ አማርኛ አድራጊው ባልታወቀ ጊዜ በሦስተኛ መደብ ብዙ ቁጥር «አሉ»፣ «ያወራሉ» ማለቱ የቋንቋው ጠባይ እንጂ የተናጋሪው ጥፋት አይደለም የሚል ነው። ይህም እውነት ነው። ነገር ግን ያው ተናጋሪ ስለ ኳስ ሲያወራ ይህን መንገድ ፈጽሞ አይጠቀምበትም። «አገቡብን» ብሎ ዝም የሚል ደጋፊ አላጋጠመንም፤ ቢኖርም «ማን አገባ?» ተብሎ ወዲያው ይጠየቃል። ስለዚህ አድራጊውን የሚሰውረው ቋንቋው አይደለም። ቋንቋው ሁለቱንም መንገድ ሰጥቶታል፤ አንዱን ለኳስ ሌላውን ለኑሮ የመረጠው ወጉ ነው።

«እኛ» የሚለው ቃል በኢትዮጵያ ኳስ ታሪክ ቀላል ቃል እንዳልነበረ ማስታወስ ይገባል። ቅዱስ ጊዮርጊስ በአራዳ በ1928 ዓ.ም. ሲመሠረት አገሪቱ በጦርነት ላይ ነበረች። ከነፃነት በኋላ በ1936 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ የመጀመሪያው ውድድር ሲደረግ የተሰለፉት ቡድኖች የየማኅበረሰቡ ነበሩ፤ የአርመኖች፣ የግሪኮች፣ የጣሊያኖች፣ የእንግሊዝ ወታደሮችና፣ ኢትዮጵያውያኑን ወክሎ፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ። በዚያ ሜዳ ዙሪያ «አሸነፍን» ያለ ሰው ማን እንደሆነና በማን ፊት እንደቆመ ያውቅ ነበር። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የተባበረችውን ዐረብ ሪፑብሊክ በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ፣ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ፣ በአባቱ ጣሊያናዊ በእናቱ ኤርትራዊ ነበር። የዚያን ቀን «እኛ» የልደት መዝገብ ሳይመረምር ሁሉንም አቅፏል።

ከዚያ ወዲህ ግን ቃሉ እንደ ውጤቱ የሚሰጥና የሚነሣ ሆነ። ብሔራዊ ቡድኑ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሶ፣ ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ ከዛምቢያ ጋር 1 ለ 1 ወጣ። በዕድሜ ከፍ ያሉት ይህን ሲያወሱ «አስጨነቅናቸው» ይላሉ። ከጥቂት ቀን በኋላ በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0 የተረታውን ያንኑ ቡድን ግን «ተሸነፉ» ብለው ይተርኩታል። ተጫዋቾቹም አሠልጣኙም አልተለወጡም፤ የተለወጠው መደቡ ብቻ ነው። እንግዲህ «እኛ» ከድል ጋር የሚመጣ፣ ከሽንፈት ጋር የሚሄድ ከሆነ፣ ድል በማይበዛበት የሰፈር ኑሮ ውስጥ ባይገኝ አያስደንቅም።

ስለ ፖለቲካ በሚነገርበት ጊዜ ወጉ ሌላ መንገድ ይይዛል፤ የኳስን ቃል ሰም አድርጎ ወርቁን ከሥር ይደብቃል። «አሠልጣኙ ተቀየረ፤ ቡድኑ ግን ያው ነው» ይባላል። «ዳኛው ራሱ ተሰልፏል» ይባላል። ሰሚው ይስቃል፤ ገብቶታልና። ይህ ውበት እንዳለው አንክድም፤ ከሰምና ወርቅ አገር የመጣ ሰው ይህን ቢያጣጥም አይፈረድበትም። ዳሩ ግን ሰም ለበስ ንግግር አይጠየቅም፤ ምስክር አይቆምበትም፤ ተናጋሪው «እኔ ስለ ኳስ ነው የተናገርሁት» ብሎ ያመልጣል። ስለዚህ በኳስ ጉዳይ ያን ያህል ማስረጃ የሚጠይቀው ጉባኤ በአገር ጉዳይ ላይ በሳቅ ይዘጋል። ከሳቁ በኋላ ሁሉም የመጣበትን አሳብ ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ምክንያቱ ምንድን ነው? እኛ ሁለት እናያለን። አንደኛው ዋጋው ነው። የተከላካዩን ስም ጠርቶ «ያጠፋው እርሱ ነው» ያለ ሰው የሚያጣው አንድ ሻይ ነው፤ በሌላው ጉዳይ ስም የጠራ ሰው ምን እንደሚያጣ አስቀድሞ አያውቅም። ስለዚህ «አጠፉብን» የሚለው ቃል ስንፍና ብቻ ሳይሆን መጠለያም ነው፤ ይህን ሳንገነዘብ ብንፈርድ ግፍ ይሆንብናል። ሁለተኛው የማስረጃ ማጣት ነው። የጨዋታው ሕግ ታውቋል፤ የደረጃው ሰንጠረዥ ለሁሉ ይታያል፤ ጥፋቱም በዝግታ ተደግሞ ይቀርባል። የውሃው ተራ፣ የመንገዱ ውል፣ የበጀቱ ልክ ግን እንደዚህ በአግዳሚው ፊት አይቀርብም።

ማስረጃ በቀረበ ጊዜ ወጉ ምን ሊሠራ እንደሚችል የሚያሳይ አንድ ምሳሌ አለ። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን የኢትዮጵያ ሜዳዎች መመዘኛውን አላሟሉም በማለቱ፣ ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፈችበት «የሜዳችን» ጨዋታ የተደረገው በማላዊ፣ በሊሎንግዌ ነበር። የሕዳሴው ግድብ ኤሌክትሪክ ማመንጨት በጀመረበት ዓመት ግብፅን ማሸነፍ ምን ዓይነት ወግ እንደሚያስነሣ መናገር አያሻም፤ ሰሙም ወርቁም አንድ ላይ ፈሰሰ። ሆኖም ያን ምሽት ሲተርኩልን የሰማናቸው ሰዎች ከደስታው ቀጥሎ የሚያነሡት ጥያቄ «ሜዳችን የት ነው?» የሚል ነው። መመዘኛው የታወቀ ስለሆነ ክርክራቸው በሐሜት አይቀርም፤ መልበሻ ክፍሉን፣ ሣሩን፣ መብራቱን፣ በቦሌ አካባቢ ተጀምሮ በዚያ ጊዜ ያላለቀውን የአደይ አበባ ስታዲየም እያነሡ ማን ምን መሥራት ነበረበት ይባባላሉ። እዚህ ላይ «አጠፉብን» የለም፤ «አልሠራንም» የሚል ቃል ሰምተናል። በአግዳሚው ላይ ስለ አገር ጉዳይ ከሰማነው ንግግር ሁሉ የበሰለው ይህ ነው።

በዚሁ ክፍለ ከተማ ከስታዲየም የሚከብድ ነገር ደርሷል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ረጲ በሚገኘውና ሕዝቡ «ቆሼ» በሚለው መጣያ፣ ለ50 ዓመታት ያህል ሲከመር የኖረ ቆሻሻ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ስለዚህ ቀን በአግዳሚው ላይ ሲነገር ሁለት ግሥ ሰማን። ስለ ሞቱት «ልጆቻችን አለቁብን» ይባላል፤ ስለ ምክንያቱ «ክምሩ ተናደ» ይባላል። በመጀመሪያው ቃል ውስጥ «እኛ» ሙሉ ነው። በሁለተኛው ውስጥ ግን «እነሱ» እንኳ የለም፤ ክምሩ ራሱ አድራጊ ሆኗል። ስለ አንድ ግብ ማን ቦታውን እንደለቀቀ የሚመረምር ጉባኤ፣ ክምሩ ከቤቶች አጠገብ ያን ያህል ሲያድግ ማን ማየት ነበረበት ብሎ ሲጠይቅ አልሰማንም። ይህን የምንጽፈው ሐዘንተኛን ለመውቀስ አይደለም። እኛ ራሳችን ከአንድ ጨዋታ በኋላ መብራት ሲጠፋ «አጠፉት» ብለን ተነሥተናል።

ሰፈሩ ስለ ራሱ «እኛ» ማለት አያውቅም እንዳይባል፣ ዕድሩን እናያለን። ከጨዋታ በኋላ ስለ ዕድር በሚነሣ ጊዜ ግሡ ወዲያው ይመለሳል፤ «ድንኳኑን እናድሳለን»፣ «መዋጮ እንጨምር»፣ «ሰብሳቢ እንምረጥ» ይላሉ። ዳኛው ዕለት የተከፈለውን፣ ወር የቀረውን፣ ማን እንዳልከፈለ በስም ያውቃል። ምክንያቱም መዝገቡ ክፍት ነው፤ ስም መጥራትም ነውር ወይም አደጋ አይደለም። እንግዲህ ችሎታው አለ፤ ልምዱም አለ። ነገር ግን ዕድር በአመዛኙ ለሞት የቆመ ነው። በሐዘንም ሆነ በዕድር፣ ሰፈሩ «እኛ» የሚለው ሰው ከሞተ በኋላ መሆኑ የዚህ ወግ ታላቁ ጉድለት ሆኖ ታይቶናል።

ምርመራችን ሙሉ ነው አንልም። በአግዳሚው ላይ ሴቶች ጥቂቶች ናቸው፤ በቡና ዙሪያ የሚያወጉት ወግ በየትኛው መደብ እንደሚነገር ሌላ ተማሪ፣ ይልቁንም ተማሪት፣ ብታጠናው ይህን ጽሑፍ ታርመዋለች። የቅዱስ ጊዮርጊስና የቡና ደጋፊዎች በስታዲየም የሚያዜሙትም ዜማ ራሱን የቻለ ጥናት ይሻል።

ፍርዳችንን ባጭሩ እንግለጽ። የኮልፌ የኳስ ወግ የሥራ ፈት ጫጫታ አይደለም፤ ከአያቶቻችን ሙግት የወረሰውን ማስረጃ የመጠየቅ ልማድ እስከ ዛሬ ያቆየ ጉባኤ ነው። የሚነቀፈው ይህን ልማድ ለኳስ አውሎ ለገዛ ኑሮው ስለ ነፈገ ነው። ለዚህም ከአግዳሚው ይልቅ ተጠያቂው ማስረጃውን የያዘ ወገን ይመስለናል፤ ከዚያም ወገን እኛ ተማሪዎች አንወጣም። የምንጽፈውን እርስ በርሳችን እናነባለን፤ ከ18 ማዞሪያ አግዳሚ ግን አንድም ገጽ አይደርስም። ስለ ሰፈሩ ውሃ፣ መንገድና ቆሻሻ የምናጠናው ነገር እንደ ቡድኖቹ ስም በሰሌዳ ላይ በጠመኔ የሚጻፍበት ቀን ቢመጣ፣ ተመልካቹ «ማን? በስንተኛው ደቂቃ?» ብሎ መጠየቁን ከእኛ አይማርም፤ ቀድሞውንም ያውቀዋል።