የጃቫ ፕሮግራመርን ችሎታ በምን እንመዝናለን?

ባለፈው ሰሞን ከተማሪ ወደ ተማሪ ሲዘዋወር የቆየ አንድ የጥያቄ ወረቀት በእጃችን ገብቶ ነበር። ወረቀቱ በጃቫ ቋንቋ ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ምን ያህል ዐዋቂ እንደ ሆነ ለመለየት የተዘጋጀ ሲሆን፤ በመጀመሪያ አንድ መሥሪያ ቤት አዲስ ሠራተኛ ሲመርጥበት እንደ ነበረ፤ በኋላም ለክፍል ፈተና ጭምር እንደ ዋለ ተነግሮናል። የመሥሪያ ቤቱንም ሆነ የአዘጋጁን ስም ማንሣት አስፈላጊ ሆኖ አላገኘነውም፤ እንዲህ ያለው ወረቀት በአንድ ቦታ ብቻ የሚገኝ አይደለምና። ነገር ግን በዚህ ወረቀት ውጤት ሰው ይቀጠራል፤ ሰው ይመለሳል፤ ተማሪም ያልፋል ወይም ይወድቃል። ስለዚህ ሚዛኑ ራሱ ቢመዘን ድፍረት ሆኖ እንደማይቈጠርብን ተስፋ እናደርጋለን። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ወረቀቱ ሦስት ክፍል አለው። የመጀመሪያው «በጃቫ ስንት ዓመት ሠርተዋል?» ይላል። ሁለተኛው ተፈታኙ ከአንድ እስከ ዐሥር ባለው ቍጥር ለራሱ ማርክ እንዲሰጥ ይጠይቃል። ሦስተኛውና ረጅሙ ክፍል አጫጭር የኮድ ቍራጮችን እያቀረበ «ይህ ሲሠራ ምን ያወጣል?» የሚል ነው።

ስለ ሁለተኛው ክፍል ብዙ አንናገርም። የቋንቋውን ስፋት ያላየ ሰው ያወቀውን ጥቂት ነገር ሙሉ አድርጎ ስለሚቈጥር ዘጠኝ ይጽፋል፤ ስፋቱን ያየው ግን የቀረውን እያሰበ ስድስት ይጽፋል። ክሩገርና ደኒንግ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች በ1999 ባወጡት ጥናት፤ በቀልድ፤ በሎጂክና በእንግሊዝኛ ሰዋስው ተፈትነው ዝቅተኛ ውጤት ያገኙት ሰዎች የራሳቸውን ችሎታ እጅግ ከፍ አድርገው እንደ ገመቱ አሳይተዋል። ጥናቱ ስለ ፕሮግራም ሥራ አይናገርም፤ ቢሆንም ለጥያቄው አዘጋጅ ማስጠንቀቂያ ሊሆነው በተገባ ነበር።

የዓመቱ ጥያቄ ግን ብዙ ጠበቃ አለው። ልምድ ያለው ሰው ከሌለው ይሻላል መባሉን እኛም አንክድም። ነገር ግን ጃቫ በ1995 ለሕዝብ ከቀረበ ወዲህ ባለበት የቆመ ቋንቋ አይደለም። በ2004 በወጣው በአምስተኛው እትም ጄኔሪክስ የሚባለው ሥርዐት ተጨመረ፤ በዚህም በአንድ ዝርዝር ውስጥ ምን ዐይነት ነገር እንደሚገባ አስቀድሞ መወሰን፤ ስሕተቱንም ፕሮግራሙ ገና ሥራ ሳይጀምር በኮምፓይለሩ ማስያዝ ተቻለ። በ2014 በስምንተኛው እትም ደግሞ ላምዳና ስትሪም መጡ። እንግዲህ በ1998 ጀምሮ፤ ከ2003 በኋላ የመጣውን ሁሉ ሳይነካ፤ ያንኑ የለመደውን ሲጽፍ የኖረ ሰው በወረቀቱ ላይ «ሃያ ዓመት» ብሎ ቢሞላ አልዋሸም፤ ጠያቂው ግን ምንም አላወቀም። በሌላ በኩል ደግሞ አዲስ የመጣውን ሁሉ የሚያውቅ፤ ነገር ግን በሦስት መስመር ሉፕ የሚያልቀውን ጉዳይ በስትሪም አቈላልፎ ባልንጀራው ሊያነበው የማይችል የሚያደርግ ሰው አለ። ሁለቱን በዓመት ቍጥር መለየት አይቻልም።

ወረቀቱ በመግቢያው ላይ ጐበዝ ፕሮግራመር ከደካማው ሃያ ስምንት እጥፍ እንደሚበልጥ ይጠቅስና ምርጫው ጥብቅ መሆን እንዳለበት ያስረዳል። ይህ ቍጥር ብዙ ቦታ ስለሚገኝ ከየት እንደ መጣ ማስታወስ ይገባል። ሳክማን፤ ኤሪክሰንና ግራንት በ1968 ባወጡት ጽሑፍ 12 ልምድ ያላቸው ፕሮግራመሮችን ፈትነው ነበር። ዓላማቸው በተርሚናል ፊት ተቀምጦ መሥራትና ሥራን አስረክቦ ውጤት መጠበቅ የትኛው እንደሚሻል ማነጻጸር እንጂ ሰውን በደረጃ ማሰለፍ አልነበረም። ከሠሩት ጥያቄ በአንዱ፤ ስሕተትን ለቅሞ ለማረም አንዱ 170 ሰዓት ሲፈጅበት ሌላው በ6 ሰዓት ጨረሰ፤ ሃያ ስምንት እጥፍ የተባለው ይህ ነው። ነገር ግን በዚያ ንጽጽር ውስጥ በተርሚናል የሠራውና ውጤት ሲጠብቅ የቆየው፤ በከፍተኛ ቋንቋ የጻፈውና በማሽን ቋንቋ የጻፈው አብረው ተደባልቀዋል። ፕሬሼልት የተባለው ተመራማሪ በ1999 መረጃውን እንደ ገና መርምሮ ቍጥሩ አሳሳች መሆኑን ጽፏል። ደግሞም ከሁሉ የዘገየውን ከሁሉ ለፈጠነው ማካፈል፤ አንድ እጅግ የዘገየ ሰው ብቻ በመገኘቱ ቍጥሩን ወደፈለገው ያደርሰዋል። በጃቫ ስለሚጽፉ ሰዎች ለመናገር ይህን ምስክር መጥራት ምን ያህል እንደሚያስኬድ ለአንባቢ እንተወዋለን።

ዋናው ክርክራችን በሦስተኛው ክፍል ላይ ነው። ከጥያቄዎቹ አንዱ እንዲህ ይላል። ሁለት የኢንቲጀር ኦብጀክቶች ይቀርባሉ፤ ሁለቱም 127 ይይዛሉ፤ በድርብ የእኩል ምልክት ሲነጻጸሩ መልሱ «እውነት» ነው። ቀጥሎ ሁለቱም 128 እንዲይዙ ይደረግና መልሱ ምን እንደሚሆን ይጠየቃል። ትክክለኛ ነው ተብሎ የተያዘው መልስ «ሐሰት» ነው። ምክንያቱም ድርቡ የእኩል ምልክት በኦብጀክቶች መካከል ሲገባ የሚጠይቀው በውስጣቸው ያለው ቍጥር እኩል መሆኑን ሳይሆን ሁለቱ ያው አንድ ኦብጀክት መሆናቸውን ነው፤ ጃቫም ከኔጋቲቭ 128 እስከ 127 ላሉት ቍጥሮች አስቀድሞ የተዘጋጁ ኦብጀክቶችን ስለሚያድል ሁለቱ አንድ ሆነው ይገኛሉ፤ ከ128 ጀምሮ ግን በተለመደው አሠራር ለየብቻቸው ይፈጠራሉ።

ከመካከላችን አንዱ ለዚህ ጥያቄ «እርግጡን መናገር አይቻልም» ብሎ መለሰና ዜሮ አገኘ። እኛ ግን ነገሩን ብንመረምር እውነቱ ከእርሱ ጋር ሆኖ አገኘነው። የቋንቋው ደንብ የሚያስገድደው እስከ 127 ያሉት አንድ እንዲሆኑ ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ ያሉትም አንድ እንዳይሆኑ አልከለከለም። እንዲያውም ሆትስፖት በሚባለው በሰፊው በሚሠራበት የጃቫ ማሽን ላይ ይህ የላይኛው ወሰን ፕሮግራሙ ሲነሣ በሚሰጥ ትእዛዝ ከፍ ሊል ይችላል፤ ያን ጊዜ የ128ቱ መልስ «እውነት» ይሆናል። ደንቡ የሚያዝዘውንና ማሽኑ እንደ አጋጣሚ የሚያደርገውን ለይቶ ያየው ልጅ ወደቀ፤ «127 እውነት፤ 128 ሐሰት» ብሎ ያጠናው አለፈ ማለት ነው። ሚዛኑ ቢያጋድል ባልከፋ፤ ይህ ግን ገለባውን ይዞ ፍሬውን የሚጥል ወንፊት ሆኗል።

ይህን ስንል እንዲህ ያለ ጥያቄ ሁሉ ከንቱ ነው ማለታችን አይደለም። ሁለት ስሞች እኩል መሆናቸውን በድርብ የእኩል ምልክት የሚመረምር ሰው በእርግጥ ጀማሪ ነው፤ የሚጽፈውም ፕሮግራም አንድ ቀን ባለመብቱን ከመዝገብ ላይ ሊያጣው ይችላል። ለዚህ ግን ተንኰል የሌለበት አንድ ጥያቄ ይበቃል።

የአጭር ወረቀትን ፈተና ወሰን የሚያሳይ ሌላ ምሳሌ አለን። በተርታ ከተቀመጡ ቍጥሮች መካከል አንዱን መሐል ለመሐል እየከፈሉ የመፈለጉ ዘዴ፤ ማለት ባይነሪ ሰርች፤ በየፈተናው የሚጠየቅ ነው። በጃቫ የራሱ ላይብረሪ ውስጥ ይህን የጻፈው ጆሽዋ ብሎክ ሲሆን፤ ስለ ጃቫ አጻጻፍ የደረሰው መጽሐፍ ከ2001 ጀምሮ ሲነበብ ኖሯል፤ ችሎታውን የሚጠራጠር አይገኝም። እርሱ ራሱ በ2006 ሥራው ዘጠኝ ዓመት ያህል ስሕተት ተሸክሞ እንደ ኖረ ገለጸ። ስሕተቱ መካከለኛውን ቦታ ለማግኘት ሁለቱን ጫፎች ደምሮ ለሁለት ከማካፈል የመጣ ነው። የጃቫ ኢንት ከ2,147,483,647 በላይ አይዝም፤ ስለዚህ አንዱ ጫፍ 1,200,000,000፤ ሌላው 1,400,000,000 ቢሆን ድምሩ ሞልቶ ይፈስና ኔጋቲቭ 1,694,967,296 ይሆናል፤ ግማሹም ከዜሮ በታች ያለ ቦታ ስለሚያመለክት ፕሮግራሙ ይወድቃል። ልዩነቱን ለሁለት አካፍሎ በታችኛው ጫፍ ላይ መደመር ብቻ ይበቃ ነበር። ያው ስሕተት ጆን ቤንትሊ ትክክለኛነቱን በማስረጃ አረጋግጦ በመጽሐፉ ባሳተመው ላይም ነበረ። ታዲያ በእኛ ወረቀት ብሎክ ቢፈተን ምን ማርክ ያገኝ ነበር? መልሱ አራሚው የሞላውን ድምር በማየቱና ባለማየቱ ላይ ይወሰናል። የሰውዬው ችሎታ የታየው ግን ስሕተቱ በተገኘ ጊዜ ምክንያቱን ከሥሩ አውጥቶ፤ የራሱን ስም ሳይሸሽግ፤ ሌሎች እንዲያርሙ በመግለጡ ነው። ይህን የሚጠይቅ መስመር በወረቀቱ ላይ የለም።

በቅኔ ቤት መምህሩ ተማሪውን የሚመዝነው የሌላውን ቅኔ ባስታወሰው መጠን አይደለም፤ ራሱ አዲስ እንዲቈጥር አድርጎ፤ ሰሙንና ወርቁን አስፈትቶ፤ በባልንጀሮቹ ፊት እያረመው ነው። ነገሩ ሩቅ ቢመስልም ለእኛ ጉዳይ የሚቀርበው ይህ ነው። ተፈታኙ ሁለት መቶ መስመር ያህል፤ ሌላ ሰው የጻፈው፤ ሁለት ሦስት ስሕተት ያለበት የጃቫ ፕሮግራም ይሰጠው፤ የቋንቋውም ደንብ አይከልከል፤ ያንብብ፤ ይመርምር፤ አንድ አዲስ ነገር ይጨምርበት፤ ከዚያም ለምን እንዲህ እንዳደረገ በአፉ ያስረዳ።

መምህራኖቻችን ጊዜ ከየት ይመጣል እንደሚሉ እናውቃለን፤ እውነታቸውን ነው። ስድሳ ተማሪ በግማሽ በግማሽ ሰዓት ቢጠየቅ ሠላሳ ሰዓት ይፈጃል። ደግሞም በአፍ የሚደረግ ፈተና ለአድልዎ በር ይከፍታል፤ ሁለት መምህራን ለየብቻቸው ማርክ እየሰጡ፤ ሲለያዩ ሦስተኛ ቢታከል ጥቂት ይቀንሰው ይሆናል እንጂ ጨርሶ አያጠፋውም። ምናልባት የማርኩን ግማሽ ብቻ በዚህ መንገድ ማድረግ ይቻል እንደ ሆነ እንዲታሰብበት እናቀርባለን። እስከዚያው ድረስ ግን የ128ቱ ጥያቄ ከወረቀቱ እንዲወጣ፤ ወይም መልሱ እንዲታረምና ባልንጀራችን ማርኩ እንዲመለስለት እንጠይቃለን።