«እኛ» ማለት ስንት ነው?

ቀዶ ሕክምና፣ እንደ ዜማ ሁሉ፣ ከመጽሐፍ ብቻ የማይገኝ፣ ከመምህር እጅ ወደ ደቀ መዝሙር እጅ የሚተላለፍ ጥበብ ስለ ሆነ፣ በማስተማሪያ ሆስፒታል የሚተኛ ሕሙም፣ ቢነገረውም ባይነገረውም፣ አካሉን ለትምህርት ጭምር ያውሳል። አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም ሐልስቴድ በ19ኛው ምዕተ ዓመት ማብቂያ ባልቲሞር ላይ ያቆመው፣ ጀማሪው ኃላፊነት በኃላፊነት ላይ እየተጨመረለት የሚበስልበት ሥርዓት እኛንም አፍርቷል፤ እኔም የመጀመሪያውን ስለት ያሳረፍሁት ስሜን በማያውቅ ሰው ገላ ላይ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እንቅርት የተጫናቸው አንድ መሪጌታ እኛ ዘንድ ተኙ። ከእንቅርቱ ጀርባ፣ በመተንፈሻና በምግብ ቧንቧ መካከል፣ እንደ ክር የቀጠነ ነጭ ነርቭ ያልፋል፤ እርሱ ከተጎዳ ድምፅ ይሻክራል፤ ለእሳቸው ደግሞ ድምፅ እንጀራም ጸሎትም ነበረ።

«ኦፕራሲዮን የምታደርገኝ አንተ ነህ፣ ልጄ?» ብለው ጠየቁኝ።

«እኛ ነን፣ የኔታ፤ አይስጉ» አልኋቸው።

ሐሰት አልነበረም፤ ግን በ«እኛ» ውስጥ አንድ የሦስተኛ ዓመት ሬዚደንት ሸሽጌ ነበር። ቋንቋችንም ለዚህ ይመቻል፤ «ይሠሩልዎታል» ሲባል አንቱታው አንዱን ይሁን ብዙዎቹን አይለይም። እሳቸው ግን የሰዋስው ሰው ናቸውና፣ «እኛ ማለት ስንት ነው?» አሉኝ።

ነርቩን ፈልጎ የሚያገኘው ተማሪዬ መሆኑን፣ እኔም ፊት ለፊቱ ቆሜ እጁን እንደምከተል ነገርኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው፣ «እኔም ተማሪዬን ማኅሌት አቁሜ አስመራለሁ፤ ሲስት አርመዋለሁ። ሕዝቡ ግን ማን እንደሚያዜም ያያል። እኔ ተኝቼ ነው» አሉ።

ያለ ሕሙሙ ፈቃድ ስለት የሚያሳርፍ ሐኪም ጥቃት እንደ ፈጸመ እንዲቆጠር በ1914 እ.ኤ.አ. የኒው ዮርኩ ዳኛ ካርዶዞ የጻፈው ብያኔ እንኳ ስለቱን ማን እንደሚይዝ አያነሣም። ባልደረቦቼ «ብንነግራቸው ማን ይፈቅዳል? ነገስ ማን ሐኪም ይሆናል?» ይላሉ፤ ፍርሃታቸው ከንቱ አይደለም። ነገር ግን ገንዘብ ያለው ሐኪሙን በስም መርጦ ሲሄድ፣ ተማሪ የሚሠለጥንበት አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ደጅ የሌለው ድኻ መሆኑን እያወቅን፣ ከእርሱ ላይ እውነቱንም መንሣት አንድ ዕዳ በሌላ ዕዳ ላይ መጨመር ነው።

መሪጌታው ተማሪውን አስጠርተው፣ ክርስትና ስሙን ጠይቀው፣ እጁን ይዘው ባረኩትና ፈቀዱ። ድምፃቸው ሁለት ሳምንት ሻክሮ ቆይቶ ተመለሰ።

የፈቃድ ወረቀታችን ዛሬም ለሐኪም ስም አንድ መስመር ብቻ ነው ያለው፤ የተማሪውን ስም እኔ በኅዳጉ ላይ በእጄ እጽፋለሁ።