የአያቴ ሒሳብ

ስፌት የምትሰፋ ሴት የምትመሰገነው በእጇ ነው። «እጅሽ ይባረክ» ትባላለች፤ ጭንቅላቷን የሚያነሳ የለም። አያቴ ጎጃም ውስጥ ዕድሜ ጠግባ እስክታርፍ ድረስ ወስፌ ከእጇ አልተለየም። እኔም ዛሬ የምተዳደረው በዚሁ ሙያ ነው። ከእሷ ምን ወረስሽ ብባል መልሴ ሒሳብ ነው። ፊደል ሳትቆጥር ያረፈች ሴት ሒሳብ አስተማረችኝ ስል የሚስቁ አሉ። ስለዚህ ነገሩን በዝርዝር ልንገራችሁ።

ሥራው የሚጀምረው ከሜዳ ነው። ክረምቱ ሲወጣ፣ ሰንደዶው ሲያዘረዝር፣ አንድ በአንድ ይመዘዛል። አክርማው የስፌቱ ሆድ ነው፤ በእፍኝ ተይዞ እንደ ገመድ ይዞራል። የተሰነጠቀው ሰንደዶ በላዩ ይጠመጠማል። ወስፌዋ የቀድሞውን ዙር ትበሳለች፣ አለላው፣ ማለትም የተነከረው ሰንደዶ፣ ይገባል፣ ይጠብቃል፣ እንደገና ይበሳል። አያቴ ቀለሙን በዱቄት ከገበያ ትገዛና በብረት ድስት ታፈላዋለች። ከአንድ ቀይ ቀለም ሦስት ቀይ ታወጣ ነበር፤ መጀመሪያ የተነከረው እስር ደማቅ ይሆናል፣ ሁለተኛው ፈዘዝ ይላል፣ ቀለሙ ሲሟጠጥ የገባው ሦስተኛው ወደ ሮዝ ያደላል። ሌላው ሰው የተዳከመውን ቀለም ሲደፋ እሷ ግን በጣም የምትሳሳለት ለእሱ ነበር።

አሁን ወደ ሒሳቡ ልግባ። ስፌት ከእምብርቱ ተነስቶ እየዞረ ይሰፋል። የአክርማው ውፍረት ግማሽ ሴንቲ ሜትር ከሆነ እያንዳንዱ ዙር ካለፈው በ3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይረዝማል። ስፌቱ ገና የስኒ ማስቀመጫ ያህል ይሁን ወይም ሌማት ያህል ይስፋ፣ ጭማሪው ያው ነው። ትምህርት ቤት የክብን ዙሪያ በፓይ ስናሰላ አስተማሪያችን ሰሌዳ ሙሉ ጽፎ ያስረዳን ይህንኑ ነበር። አያቴ ግን በአጭሩ «በየዙሩ የምትጨምሪው እኩል ነው» ብላኝ ነበር። «ብታሳንሺ አክርማው ይገለጥብሻል፤ ብታበዢ አለላው ይደራረብብሻል።»

ጌጥ የሚወጣው ከዚህ ቁጥር ነው። አንዱ ጥምጥም 3 ሚሊ ሜትር ስፋት ቢኖረው በየዙሩ አሥር ያህል ጥምጥም ይጨመራል። ባለ አምስት ክንፍ ኮከብ ለመሥራት ለእያንዳንዱ ክንፍ ሁለት ሁለት ይደርሰዋል፤ ኮከቡም ሳይጣመም እስከ ጠርዝ ይዘልቃል። ስድስት ክንፍ ከተፈለገ ግን አሥሩ ለስድስት አይካፈልም። ጭማሪው አሥራ ሁለት እንዲሆን ጥምጥሙ መቅጠን አለበት፤ ለዚያም ሰንደዶው ገና ሲሰነጠቅ ቀጭን ሆኖ መሰንጠቅ ይኖርበታል። እንግዲህ የኮከቡ ክንፍ ስንት እንደሚሆን የሚቆረጠው ወስፌ ሳይነሳ፣ ሰንደዶው ጥርስና ጥፍር መካከል እያለ ነው። አያቴ ሰንደዶ ስትሰነጥቅ ጨዋታ የማትወደው ለዚህ ነበር። መስፋቱ ላይ ግን ስታወራ፣ ስትቆጣን፣ ቡና ሲፈላ ስትጠባበቅ ትውላለች፤ ሐሳቡን ጨርሳዋለችና።

የሠራችው ሁሉ በትርፍ ጊዜ የተሠራ ነው። እህል ተፈጭቶ፣ ውኃ ተቀድቶ፣ ልጅ ተኝቶ የተረፈው ሰዓት የእሷ ነበር። በዓል ሲሆን ደግሞ ወስፌ አይነሳም። አንድ መሶብ ወራት የሚፈጅባትም ስለዚህ ነበር። በመካከሉ ስንት ጊዜ ተቋርጦ ስትመለስ የትኛው ዙር ላይ፣ የትኛው ክንፍ ላይ እንደቆመች ምልክት አታደርግም ነበር፤ ጣቷን በጠርዙ ላይ አንድ ጊዜ አዙራ ትቀጥላለች።

እርጅና ሲመጣ ዓይኗ ደከመ። ሦስቱን ቀይ መለየት ስላቃታት ተወቻቸውና ጥቁርና ያልተነከረ ሰንደዶ ብቻ መስፋት ጀመረች። ጥቁሩን ለብቻው፣ ነጩን ለብቻው አስራ በግራና በቀኟ ታስቀምጣለች፤ ቀሪውን ጣቷ ይቆጥራል። ቤተሰቡ «አሮጊቷን ጌጥ ሸሻት» አለ። እኔ በዚህ አልስማማም። በሙያው ውስጥ ሆኜ ስመዝነው ከሥራዎቿ ሁሉ የሚበልጡት የመጨረሻዎቹ ናቸው። ቀለም የሚደብቀው ነገር ስለሌለ አከፋፈሏ ፍንትው ብሎ ይታያል፤ ወደ ፀሐይ ቢያቀኗቸው ብርሃን የሚሾልክበት ቀዳዳ የለም። ዓይን ሲደክም ያልደከመው ነገር ዋናው ሙያዋ እንደነበር የገባኝም ከእነሱ ነው።

ዛሬ ገበያው ላይ በናይለን ክር የተሰፋ መሶብ በርክቷል። አልወቅሰውም፤ ቶሎ ያልቃል፣ ቀለሙም ይደምቃል። ሰንደዶ የሚበቅልበት ግጦሽ እየታረሰ ሣሩን ማግኘትም ቀላል አይደለም። ሆኖም ሣር የእንጀራውን ወዝ ይመጥጣል፤ ናይለን ግን እንጀራውን ያልበዋል። ደንበኛ ሲጠይቀኝ ይህን ነግሬው ምርጫውን ለእሱ እተዋለሁ። ቁጥሩ ግን በሣርም በናይለንም አንድ ነው። አሁን የማሠለጥናቸውን ልጆች መጀመሪያ የማስይዛቸው ወስፌ ሳይሆን ሰንደዶ ነው፤ ስንጠቃውን ሳይችሉ መስፋት የለም።

ለአንባቢ አንድ ነገር ልለምን። ሠዓሊ ሥዕሉ ላይ ስሙን ይጽፋል፤ የሸክላ ማጫወቻ ዘመን ዘፋኝ እንኳ ስሙ ከሸክላው መሐል ታትሞ ቀርቷል። መሶብ የሰፋች ሴት ግን ስሟን የትም አታኖርም። ቤታችሁ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ፣ ወይም ቁም ሣጥን ላይ የተቀመጠ የቆየ ስፌት ካለ አውርዱትና ማን እንደሰፋችው ጠይቁ። የምታውቅ አሮጊት ካለች ዛሬውኑ ጠይቋት። ስሟን፣ አገሯንና የሰፋችበትን ዘመን በወረቀት ጽፋችሁ ከውስጥ በኩል ስፉበት። የአያቴን ሥራዎች በሙሉ እንዲህ አድርጌያቸዋለሁ፤ ወረቀትና መርፌ እንጂ ሌላ ወጪ የለውም።