የ12ኛ ክፍል ፈተናና የሃምሳ በመቶው ድንበር

በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ሲሰጥ ዋናው ዓላማ ስርቆትን ማስቀረት ነበር። በግንቦት 2008 ዓ.ም. ፈተናው አስቀድሞ በመሰራጨቱ መቋረጡን ለሚያስታውስ ሰው እርምጃው የሚነቀፍ አይደለም። ሆኖም ያልተሰረቀ ፈተና ሁሉ ጥሩ መለኪያ ነው ማለት አይቻልም። ናሙናው በጥንቃቄ ስለታሸገ ብቻ የላቦራቶሪው ውጤት ትክክል እንደማይሆን የጤና ባለሙያ ሁሉ ያውቀዋል።

በዚያ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ተማሪዎች፣ ማለትም 3.3 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። በ2015 የትምህርት ዘመን ድርሻው 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ሆነ። ጭማሪው ደስ ያሰኛል፤ ግን ተማሪው በረታ ወይስ ጥያቄው ቀለለ? ከመቶኛው ብቻ መልስ አይገኝም። ላቦራቶሪ በየቀኑ ውጤቱ የታወቀ ኮንትሮል እንደሚያስገባ ሁሉ፣ ችግራቸው አስቀድሞ የተለካ ጥቂት ጥያቄዎች በምሥጢር ተጠብቀው ከዓመት ዓመት ሊደገሙ ይገባል።

ይበልጥ የሚያሳስበው ግን አማካዩ ነው። የ2015 የትምህርት ዘመን አገር አቀፍ አማካይ ውጤት ከ30 በመቶ በታች ነበር። አራት አማራጭ ባለው ጥያቄ ዓይኑን ጨፍኖ የሚያጠቁር ተፈታኝ 25 በመቶ ገደማ እንደሚያገኝ እናስብ። ብዙኃኑ በዚህ ወለል ላይ ከተከማቹ ፈተናው ጥቂት የሚያውቀውን ምንም ከማያውቀው አጥርቶ አይለይም፤ ሌላው ቀርቶ ለአቅም ማሻሻያ ትምህርት የሚመረጡት ከ50 በታች ካሉት መካከል ነው።

ሃምሳስ ከየት መጣ? ለጆሮ የሚጥም ሙሉ ቁጥር ነው። በጾም የሚለካው የደም ስኳር ድንበር 126 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር የሆነው ግን ቁጥሩ ስላማረ ሳይሆን በዚያ አካባቢ የሬቲና ጉዳት መበራከቱ ስለታየ ነው። የማለፊያ ነጥብም እንዲሁ ልምድ ባላቸው መምህራን ጥያቄ በጥያቄ ተመዝኖ፣ በኋላም ያለፉት በዩኒቨርሲቲ ከሚያሳዩት ውጤት ጋር ተነጻጽሮ ሊወሰን ይገባዋል።

ቋንቋውም አለ። በመንዝ ደጋ፣ በዘመሮና በአካባቢዋ የሚያድግ ልጅ ፊደል የሚቆጥረው በአማርኛ ነው፤ የፊዚክስ ጥያቄ የሚቀርብለት በእንግሊዝኛ ነው። የጥያቄው ዓረፍተ ነገር ከፊዚክሱ ከከበደ የተለካው ሌላ ነገር ሆነ። እንግሊዝኛ ራሱን የቻለ ፈተና ስላለው በሌሎቹ ትምህርቶች ዓረፍተ ነገሩ አጭርና ግልጽ መሆን አለበት። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል ግጭቱ በርካታ ትምህርት ቤቶችን መዝጋቱ ሲጨመርበት፣ አንድ ወጥ ቁጥር ብዙ ነገር ይሸፍናል።

ጉዳዩ የጤና ሙያን በቀጥታ ይነካል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው የፖሊሲ ምክር፣ የጤና ባለሙያ በገጠር እንዲቆይ ከሚያደርጉት መንገዶች አንዱ ከገጠር የመጡ ተማሪዎችን መቀበል መሆኑን አስፍሯል። በካናዳ የማክማስተር ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ተማሪዎችን ሲመርጥ ተከታታይ አጫጭር ቃለ መጠይቆችን ከነጥብ ጋር ያያይዛል። እዚህ ሁሉንም መኮረጅ አያስፈልግም፤ ቃለ መጠይቅ ዘመድ ወዳለበት ሊያጋድል እንደሚችል መጠርጠርም ደግ ነው። በ2015 የትምህርት ዘመን አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ከ1,300 በላይ ነበሩ። ለእነዚህ በመጀመሪያ ሊደርሳቸው የሚገባው ተማሪዎቻቸው የትኛውን የትምህርት ክፍል እንደሳቱ በዝርዝር የሚያሳይ ውጤት ነው።