ሕጉ በልጆች እጅ ያለ ጨዋታ

የመጫወቻ ጥበባዊ ዋጋ በመልኩ ማማር ብቻ አይመዘንም። እ.ኤ.አ. በ2013 ለገበያ የቀረበው ዲዝኒ ኢንፊኒቲ የተሰኘው የቪዲዮ ጨዋታ ለዚህ ዐይነተኛ ምሳሌ ነው። ሕፃኑ የገዛውን ምስል መደቡ ላይ ሲያቆም ገጸ ባሕርዩ በቴሌቪዥኑ መስኮት ነፍስ ይዘራል። ኩባንያው በ2016 ሥራውን ሲያቆም ግን ለምስሎቹ አዲስ ታሪክ የሚጨምርላቸው ጠፋ፤ ለሰብሳቢዎቻቸው ናፍቆት ተረፈ።

ይህን ናፍቆት ማቃለል አይገባም። በመንደራ ቆጪ ቆርኪና ብይ በኪሳችን ያጠራቀምን ሁሉ እናውቀዋለን። ልዩነቱ የቆርኪውን ሕግ ያወጣነው እኛው መሆናችን ነው፤ ማንም በውሳኔ ሊዘጋው አይችልም። የሚያጠፋው ቢኖር የእኛው ዝንጋታ ነው። የጅማ ሙዚየም የአባ ጅፋርን ዕቃዎች እንደሚጠብቅ ሁሉ፣ የልጆችንም ጨዋታ መዝግቦ ማቆየት የመምህራንና የከያንያን ድርሻ ነው።